ባዶ የተውኳቸው አራት መስመሮች

ነሐሴ ሲገባደድ ፉሪ ላይ ጠዋት የወጣ ፀሐይ አይታመንም። አራት ሰዓት ሳይሞላ ተራራው ጉም ይለብሳል፤ ዝናቡ ይከተላል፤ ኮብልስቶን ያልደረሰበት መንገድ ደግሞ ጫማ ያስቀራል። አምና የምዝገባ ሰሞን እንዲህ ባለ ቀን ከልጄ ትምህርት ቤት መዝጋቢ ክፍል ፊት፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ስምንት ወላጆች አሉ። ሁላችንም ደረታችን ላይ ያቀፍነው አንድ ዓይነት የላስቲክ ፋይል ነው፤ በውስጡ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ያለፈው ዓመት ሪፖርት ካርድ፣ የወላጅ መታወቂያ። ራሳችን ብንረጥብ ግድ የለንም፤ ፋይሉ እንዳይረጥብ ነበር የምንጠነቀቀው።

ተራዬ ሲደርስ መብራት ሄደ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ግማሽ ወረቀት አፉ ውስጥ እንደያዘ ቆመ። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፣ አልተደናገጠችም። «ችግር የለውም ወላጅ፤ ነገ ከሚመላለሱ በስልኬ ላንሳውና በኋላ አትመዋለሁ» አለችኝ። የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቀጭ አደረገችው። የክትባት ካርዱን ቀጭ። የእኔን መታወቂያ ፊቱንም ጀርባውንም። ወዲያው ቴሌግራም ከፍታ ላከችው። «ለሪከርድ ክፍል ነው» አለች። ስትልክ ሳላስበው ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። በአንድ ረድፍ የሰርግ ፎቶ፣ ከሰርጉ አጠገብ የሰው ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከሥሩ አንድ ሳህን ክትፎ፣ ከክትፎው ቀጥሎ የእኔ መታወቂያ።

ልጅቷን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። በዚያ ጭቃ ሁለተኛ ምልልስ አትርፋልኛለች፤ አመስግኛት ነው የወጣሁት። ዳገቱን ስወጣ ግን መቁጠር ጀመርኩ። የልጄ ሙሉ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የእናቱ ስም፣ ፊቱ፣ የቤታችን አድራሻ አሁን ስንት ቦታ ነው ያለው? አንድ፣ የመዝጋቢዋ ስልክ። ሁለት፣ የሪከርድ ሠራተኛው ስልክ። ሦስት፣ የትም አገር ይሁን የት፣ የቴሌግራም ሰርቨር። አራት፣ ወረቀቱ የሚታተምበት ኮምፒውተር። አምስት፣ ወደዚያ ኮምፒውተር የሚያሻግረው ፍላሽ። ስድስተኛው ብረት ሳጥን ውስጥ ያለው ፋይል ነው፤ እኔ የማውቀውና የፈቀድኩት እሱን ብቻ ነበር።

ፉሪን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ሰፈሩ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር የሚነሳበት ጣቢያ ፉሪ–ለቡ ይባላል፤ መስመሩ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከዚህ ሰፈር ውጭ ላሉ ሰዎች ስሙን ያስተዋወቀው እሱ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ፉሪ አለ፤ ከአስተዳደር ወሰኑ ማዶ፣ በኦሮሚያ የሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች መካከል ደግሞ ፉሪ የሚባል ሌላ አለ። ስለዚህ የአንድ አካባቢ ልጆች፣ በአንድ ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ መዝገባቸው በሁለት ትምህርት ቢሮ ሥር ነው። ከወዲህ ወደዚያ የሚዛወር ልጅ መልቀቂያውን ይዞ ይሻገራል። ፋይሉ ግን ሁለት ይሆናል፤ የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ያስቀረው አለ፣ አዲሱ እንደገና የሚሞላው አለ። ግማሹ ትምህርት ቤት የኪራይ ቪላ ውስጥ በሚሠራበት ሰፈር፣ አከራይ ኪራይ ሲጨምር ትምህርት ቤቱ ራሱ ይነሳል። ፋይሉን ያኔ በጭነት መኪና ላይ ማን እንደሚጠብቀው ወላጅ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

የምዝገባው ቅጽ አራት ገጽ ነበር። ቤት ወስጄ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። መቼም ቅጽ ሲሰጠን መሙላት እንጂ ማንበብ አልለመድንም። የልጁ ስም እስከ አያት፣ ፆታ፣ የትውልድ ቀን፤ ይህ ይገባል። አስም ወይም የምግብ አለርጂ አለበት ወይ፤ ይህም ይገባል፣ እንዲያውም መምህሯ በቃሏ ልታውቀው ይገባል። ልጁን ከሰርቪስ ወይም ከበር ማን ይረከባል፣ ስልኩስ? ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ሃይማኖት። ብሔረሰብ። የወላጅ የወር ገቢ። የቤት ሁኔታ፦ የግል፣ የቀበሌ፣ ኪራይ፣ ጥገኛ። ባለቤቴ «ጥገኛ ብለን ብንሞላ ክፍያ ይቀንሱልናል?» ብላ ሳቀች።

ሳቁ ካለፈ በኋላ አንድ ነገር አነጻጸርን። መንግሥት ለብሔራዊ መታወቂያው ለፋይዳ ሲመዘግበን አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፊት ወስዷል፤ በጽሑፍ የጠየቀው ግን ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታ፣ አድራሻና ይህን የመሰለ ጥቂት ነገር ነው። ሃይማኖትና ብሔር አልጠየቀም። የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመበት ሐሳብ አንድን ሰው ለይቶ ለማወቅ ከሚበቃው በላይ አትሰብስብ የሚል ነው። አገሪቱ ሰውን ለመለየት ያላስፈለጋትን፣ የሰፈሬ ትምህርት ቤት ፊደል ለማስቆጠር ፈለገው።

ክፋት የለበትም፤ ቅጹን የጻፈው ሰው ምናልባት ከሌላ ትምህርት ቤት የገለበጠው ነው፣ ያም ከሌላ። የአንዳንዱ ቅጽ የዘር ሐረግ ከእኛው ይረዝማል።

ስለ ዘር ሐረግ ከተነሳ፣ በእኛ አገር የስም ዝርዝር ራሱ ከሌላው ዓለም ዝርዝር የበለጠ ይናገራል። ፈረንጅ ስሙና የቤተሰብ ስሙ ሲጻፍ አባቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። የእኛ ልጅ ስሙ ሲጻፍ አባቱም አያቱም አብረው ይጻፋሉ። ገብረ እና ወልደ፣ አብዱ እና ኑር፣ ከየት ቋንቋ እንደመጣ የሚመሰክር የአያት ስም፤ አንባቢ ሃይማኖቱንም ብሔሩንም ይገምታል፣ ይሳሳት አይሳሳት ሌላ ነገር ነው። ያለፉት ዓመታት ደግሞ ሰው በስሙ የተለየባቸው ዓመታት ናቸው። ስለዚህ «ስም ብቻ እኮ ነው የለጠፍነው» የሚለው መልስ እኛ ጋ አይሠራም። አርባ ስምንት ልጆች እስከ አያታቸው የተዘረዘሩበት ወረቀት የአርባ ስምንት ቤተሰብ መዝገብ ነው።

ወረቀቱ ዛሬ የሚለጠፈው ግድግዳ ላይ አይደለም።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታዘዝ፣ የግል ትምህርት ቤቶች በቀናት ውስጥ የሸሹት ወደ ቴሌግራም ነው። ሌላ ምን ነበራቸው? ነፃ ነው፣ ፋይል ይችላል፣ ዳታ አይበላም፣ ወላጁ ሁሉ ስልኩ ላይ አለው። ወርክሺቱ፣ የመምህሯ የድምፅ መልእክት፣ የልጁ መልስ በፎቶ፣ ሁሉም በዚያ ሄደ። በ2013 በሩ ሲከፈት ልጆቹ ወደ ክፍል ተመለሱ፤ ግሩፑ ግን አልተዘጋም። ለችግር ቀን የተተከለው ድንኳን ቤት ሆኖ ቀረ። የካቲት 2015 ላይ መንግሥት ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎችን ሲዘጋ፣ እስከ ሐምሌ ድረስ የቤት ሥራ የተቀበልነው በቪፒኤን ነበር። መምህራኑ ራሳቸው «ይሄኛው ይሠራል» እያሉ ነፃ ቪፒኤን ይጠቁሙን ነበር። ነፃ ቪፒኤን ማለት የስልክህ ጉዞ ሁሉ በማታውቀው ሰው ግቢ በኩል ሲያልፍ ማለት ነው፤ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በግቢያቸው የሚያልፈውን ቆጥረው በመሸጥ ነው። ያንን መተግበሪያ የጫንነው ልጆቹ ጌም በሚጫወቱበት ስልክ ላይ ነበር፤ ሐምሌ ሲመጣ ማጥፋቱን ያስታወስን ስንቶቻችን ነን?

ብዙ ወላጅ ቴሌግራም «ምስጢራዊ ነው» ብሎ ያምናል። የግሩፕ መልእክት ግን ከዳር እስከ ዳር የተቆለፈ አይደለም። እንዲያ የሚቆለፈው ሁለት ሰዎች ብቻ የሚከፍቱት ምስጢራዊ ቻት የሚባለው ነው። የግሩፑ ሁሉ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። የመግቢያ ሊንኩን ያገኘ ሰው ሊገባ ይችላል፤ አድሚኑ ካልከለከለ ደግሞ ገና ከመግባቱ ከዓመታት በፊት የተለጠፈውን ሁሉ ወደ ላይ እየሳበ ያነባል። በእኛ ግሩፕ ውስጥ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤቱ የወጡ ወላጆች አሁንም አሉ። ከሥራ የለቀቀ የሰርቪስ ሾፌርም አለ። ከአባላቱ አንዱ ስሙ ነጥብ ብቻ ነው፤ ፎቶ የለውም፤ ማን እንደሆነ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

በዚያ ግሩፕ ውስጥ አምና ሰኔ የሆነውን ልንገራችሁ። የሁለተኛው መንፈቅ ሮስተር በፎቶ ተለጠፈ። ስም እስከ አያት፣ የየትምህርቱ ውጤት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት የልብና የጭብጨባ ምልክት ዘነበ፤ «ጎበዞች!»፣ «እግዚአብሔር ይጨምርላቸው!»። እኔም ከጭብጨባው ውስጥ ነበርኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ስክሪኑ ላይ አንዲት ግራጫ መስመር ታየች። የመጨረሻው ልጅ እናት ግሩፑን ለቃ ወጥታለች። መስከረም ላይ ልጁ አልተመለሰም።

ድሮም ውጤት ይለጠፍ ነበር፣ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሰኔ 30 ሰንደቅ ዓላማው ፊት ተሰልፈን ስማችን ሲጠራ የማያስታውስ የለም። ግን አስተውሉ፤ በሰልፉ ላይ የሚጠሩት ተሸላሚዎቹ ነበሩ፣ የወደቀው ካርዱን ብብቱ ውስጥ ደብቆ ነበር የሚወጣው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውም ቢሆን ሐምሌ የሚባል ዳኛ ነበረው። ዝናቡ ያርሰዋል፣ ነፋሱ ይገነጥለዋል፣ መስከረም ላይ ማንም አያስታውሰውም። ያን ሮስተር ግን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ዛሬ ማታ ሊከፍተው ይችላል፤ ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላውም እንዲሁ።

በአገር ደረጃ ያለውም ልማድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ከወጣና ፈተናው ከተሰረዘ ወዲህ፣ የጥያቄ ወረቀት በዚህ አገር እንደ ወርቅ ነው የሚጠበቀው። ታሽጎ፣ ተፈርሞበት፣ በፖሊስ ታጅቦ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈታኞቹ ራሳቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተወሰዱ ነው የተፈተኑት። ጥያቄውን መጠበቅ ችለንበታል። ውጤቱ ሲወጣስ? በድረ ገጽና በቴሌግራም ቦት፣ የተፈታኙን ቁጥርና ስም ላስገባ ሁሉ ይታያል። እኛ ዛሬም ሚኒስትሪ በምንለው የ8ኛ ክፍል ፈተናም እንዲሁ። የአንድ ክፍል ልጆች ቁጥራቸው ተከታትሎ የሚሄድ ከሆነ፣ የራሱን የሚያውቅ የጎረቤቱን ያውቃል። ጎረቤቴ የልጇን ውጤት የሰማችው ዋሽንግተን ከምትኖር እህቷ ነው፤ እህትየው ደግሞ የልጁን ብቻ አላየችም፣ አብረውት የሚማሩትን የሁለት ዘመድ ልጆች ውጤትም አይታ ለየቤታቸው ደውላለች። ደስታ ሲሆን ደግ ነው። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ግን ካለፉት ይልቅ ያላለፉት ናቸው የበዙት፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች ውጤታቸውን ማን ቀድሞ እንዳየው ማን ይጠይቃል?

አሁን ወደ አንድ ትልቅ እቅድ ልምጣ፤ ጊዜው ሚያዝያ 2013 ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ ከሚባለው የብሎክቼይን መረብ ጀርባ ያለው አይኦኤችኬ የተባለ ኩባንያ አንድ ስምምነት ይፋ አደረጉ። 5 ሚሊዮን ተማሪዎች፣ 750,000 መምህራን፣ 3,500 ትምህርት ቤቶች፤ ለሁሉም አታላ ፕሪዝም በሚባል ሥርዓት ዲጂታል መታወቂያ ይሰጣቸዋል፣ ውጤታቸውም በማይፋቅ መልኩ ይረጋገጣል ተባለ። የወቅቱ ሚኒስትር ጌታሁን መኩሪያ ነበሩ፤ የኩባንያው መሥራች ቻርልስ ሆስኪንሰን። ወሬው ከአዲስ አበባ ይልቅ በዓለም የክሪፕቶ ገበያ ላይ ነበር የተናፈሰው። ሐሳቡ መልካም ጎን ነበረው። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ በበዛበት አገር ሊፋቅ የማይችል ማረጋገጫ ቀላል ነገር አይደለም። ኩባንያው እንደሚለውም ሰንሰለቱ ላይ የሚቀመጠው የልጁ መረጃ ራሱ አይደለም፤ ትክክል ለመሆኑ ማኅተም የሆነው ኮድ ነው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ስምምነት ሲታወጅ በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ አልነበረም። አምስት ሚሊዮን ልጆች ዲጂታል መታወቂያ ሊይዙ ነው ሲባል፣ መረጃዬን አሳዩኝ፣ አርሙልኝ፣ አጥፉልኝ ብሎ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ገና አልተሠራም ነበር። መጀመሪያ ቤቱን ገጥመን መሠረቱን በኋላ ማሰብ የተጠናወተን ነገር ነው። በልጄ ክፍል ያንን መታወቂያ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ያየሁት የተሰነጠቀ ስክሪን ያለው ስልክ ነው።

ሕጉ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ቴሌኮምን የሚቆጣጠረው ያው መሥሪያ ቤት። አዋጁ ስለ ባንክና ስለ ቴሌ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሰው መረጃ የሚሰበስብና ለምን እንደሚሰበስብ የሚወስን ሁሉ ይነካዋል፤ በኪራይ ቪላ ውስጥ ያለ መዋዕለ ሕፃናትም ጭምር። መረጃ የሚሰበሰበው ለተነገረ ዓላማ ይሁን ይላል፤ ለዓላማው ከሚበቃው አይብለጥ ይላል፤ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይቆይ ይላል። ጤናን፣ ዘርን፣ ሃይማኖትን ከሌላው ለይቶ ጥብቅ ዳታ ያደርጋቸዋል። ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በሚመለከት ፈቃድ የሚሰጠው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው። መረጃ ከእጅ ካመለጠ ለባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግድ ነው። አሁን የመዝጋቢዋ ስልክ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ እንበል። ሰባ ሁለት ሰዓቱ መቆጠር ጀመረ ማለት ነው።

አዋጁ ከሰማይ የወረደ እንግዳም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ከልክሎ ነበር፤ ካሜራ የነበረው ቤት በጣት በሚቆጠርበት ዘመን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 36 የልጆችን ጥቅም ያስቀድማል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ልጅም የግል ሕይወት አለው ይላል፤ ኢትዮጵያ የተቀላቀለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ደግማችሁ እዩት። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት፣ አንድ የመንግሥት ሹም ቁጭ ብሎ የልጆችን ወረቀት ልኳል።

ጎረቤታችን ኬንያ ሕጉን በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አውጥታ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በሕጉ አንድ ትምህርት ቤት ቀጣች። በመስከረም 2016 በእኛ አቆጣጠር የአገሪቱ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር ቢሮ በናይሮቢ ዳርቻ ኡቲሩ የሚገኘውን ሮማ ስኩልን 4.55 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቀጣ። ጥፋቱ ምንድን ነው? የተማሪዎችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ መለጠፉ። ያንን ዜና ሳነብ የእኛ ሰፈር የትምህርት ቤት ባነሮች ታወሱኝ፤ ጋዋን ለብሰው ከመዋዕለ ሕፃናት የሚመረቁ ልጆች፣ ስማቸው ከሥራቸው፣ የማስታወቂያ ስልክ ከጎናቸው። በቲክቶክ ደግሞ ሲዘፍኑ። ከወላጆቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ የልጄን ባነር ሳይ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ፎቶ አንስቼ ለአያቱ መላክ ነው።

ዴንማርክ ውስጥ ነገሩ የተጀመረው በአንድ አባት ነው። በሔልሲንግዮር ከተማ የስምንት ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት በተሰጠው ኮምፒውተር ምክንያት ስሙ፣ ትምህርት ቤቱና ክፍሉ በዩቲዩብ ላይ መታየቱን አወቀና አቤት አለ። ጉዳዩ ሲጎተት ቆይቶ በ2022 እንደ ፈረንጆቹ የአገሪቱ ዳታ ጠባቂ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የጉግልን መሣሪያዎች እንዳይጠቀሙ እስከ ማገድ ደረሰ፤ እገዳው ቆይቶ ቢላላም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፓወርስኩል የሚባለው ግዙፍ የተማሪ መረጃ ኩባንያ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2017 ተዘረፈ። ኩባንያው ለዘራፊው ገንዘብ ከፈለ፤ ዘራፊውም መረጃውን ሲሰርዝ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከለት። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው መረጃ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስፈራራ መልእክት መጣ። በዝርፊያው ጥፋተኛነቱን ያመነው የ19 ዓመት ተማሪ ነው። እነሱ ያን ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ይዘው እንዲህ ከሆኑ፣ እኛ አንድ ጥቅም አለን፤ ገና ያልሰበሰብነው ይበዛል። ያልተሰበሰበ አይሰረቅም። ደሃ ትምህርት ቤት ሊያደርገው የሚችለው ጥበቃ ከሁሉ የረከሰው ነው፤ ሦስተኛውን ገጽ ከቅጹ ማውጣት።

የቅጹንና የሮስተሩን ነገር ይዤ መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩ ጋ ገባሁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሻይ አዘዙልኝ። «አዋጁን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። «ግን ከላይ የመጣ ደብዳቤ የለም። ግሩፑን ዝጋ ካሉኝ ነገ ወላጁ በሬ ላይ ይሰለፋል፣ እርስዎም ጭምር።» ልክ ናቸው። ወደ ሪከርድ ክፍል ወሰዱኝና ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያለውን ቦክስ ፋይል አሳዩኝ፤ በየዓመቱ ተደርድሯል፣ ንጹሕ ነው፣ ሳጥኑም ይቆለፋል። ቁልፉ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ሁለት ነገር ተስማማን። ሮስተር በግሩፕ አይለጠፍም፤ የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት ለወላጁ ለብቻው ይላካል ወይም በኮሙኒኬሽን ቡክ ይሄዳል። በግሩፑ ላይ ደግሞ አዲስ አባል ያለፈውን እንዳያይ፣ የተለጠፈውም ፎቶ እንዳይቀመጥና እንዳይተላለፍ ይደረጋል። ሁለቱም ቴሌግራም ራሱ የሰጠው ቁልፍ ነው፤ አስተካክለን ለመጨረስ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀብንም። በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ቅጹንም አጀንዳ አስይዤ ነበር። የክፍያ ጭማሪው ሦስት ሰዓት በላ፤ የእኔ አጀንዳ «በሌላ ጊዜ» ተባለ። የሮስተሩ ስምምነት እስከ ገና ተከበረ። ከገና በኋላ አዲስ መምህር መጣ፤ የመንፈቁን ሮስተር በጥሩ ብርሃን፣ ጥርት ባለ ፎቶ ለጠፈው። ደወልኩለት። ወዲያው አነሳው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ማንም አልነገረውም ነበር። ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቢሮው አንድ ገጽ መመሪያ ጽፈው ለየትምህርት ቤቱ ቢልኩ፣ ከአዋጁ ሁሉ ይልቅ ያቺ ገጽ ብዙ ሮስተር ታስቀር ነበር።

ዘንድሮ ነሐሴ ተመልሼ ተሰለፍኩ። መብራት ነበረ፤ ፎቶ ኮፒው ይሠራል። መዝጋቢዋ ያው ናት፤ አወቀችኝ። እጇ ላይ አዲስ ስልክ አየሁና «አሮጌውስ?» አልኳት፣ እንደ ቀልድ።

«ክፍለ ሀገር ላለ ወንድሜ ሰጠሁት» አለች። ለምን እንደጠየቅኳት ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ፤ እዚያው ደውላ ፎቶዎቹን እንዲያጠፋ ነገረችው። የወንድሟን ሳቅ ከስልኩ ውስጥ ሰማሁት። ከዚያ ቅጹን ዘረጋችልኝ። አራት ገጽ ነው፤ ሦስተኛውም ገጽ እንዳለ ነው። አምና ሃይማኖት፣ ብሔረሰብ፣ የወር ገቢና የቤት ሁኔታ የሚሉትን አራት መስመሮች ባዶ ትቻቸው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስለ እነርሱ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዘንድሮም ባዶ ትቻቸዋለሁ።